ኩላሊቱ ሠራ፤ እጄ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም

 

ወረታ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «አሁንማ ድነሃል አይደል?» እኔም «አልሐምዱሊላህ» ብዬ አልፋለሁ። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው፤ መልሱ ግን መንገድ ላይ ቆመው የሚጨርሱት አይደለም። ኩላሊት ከተተከለልኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ከመተኛት አላህ አውጥቶኛል። እንዲያም ሆኖ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጥረኛል፣ ፊቴ የኔ ያልመሰለኝ ወራት ነበሩ።

ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። ከእናንተ መካከል ኩላሊቱን የሚታጠብ፣ ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ ወይም እናቱን የሚያስታምም ወጣት እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ወደዚህ ነገር ስገባ ስለ ቀዶ ሕክምናው የነገረኝ ብዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ኑሮ የነገረኝ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ንቅለ ተከላ ማለት

ብዙ ሰው የታመመው ኩላሊት ወጥቶ በእሱ ቦታ አዲሱ የሚገባ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። የታመሙት ሁለቱ ባሉበት ይተዋሉ። አዲሱ ከእምብርት ዝቅ ብሎ በታችኛው ሆድ በአንዱ ጎን ይቀመጣል። እኔ አሁን ሦስት ኩላሊት አለኝ፤ የሚሠራው ግን አንዱ ነው።

አላህ ሰውነታችንን ሲፈጥረው የገባበትን ባዕድ ነገር እንዲዋጋ አድርጎ ነው። ጀርምን የሚዋጋው ያው ሠራዊት የሌላ ሰው ኩላሊት ሲያይም ጠላት መጣ ብሎ ይነሳል። በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቦስተን ውስጥ የተሳካ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲደረግ ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትያ ወንድማማቾች ነበሩ። አካላቸው አንድ ዓይነት ስለነበር ውጊያው አልተነሳም። ለእኛ መንትያ ለሌለን ሰዎች ግን ያንን ሠራዊት የሚያለዝብ መድኃኒት ያስፈልጋል። እሱም ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ወር የሚወሰድ አይደለም፤ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ የሚወሰድ ነው።

ከምወስዳቸው ዋናው ታክሮሊመስ ይባላል። በ1984 እ.ኤ.አ. በጃፓን ጹኩባ አካባቢ ከአፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የወጣ መድኃኒት ነው። ይህን ስሰማ ብዙ አሰላሰልኩ። ሰው የተፈጠረበትን አፈር አላህ ለመድኃኒቱም ምክንያት አድርጎታል። የፎገራን ጥቁር መሬት ስረግጥ አንዳንዴ ይህ ትዝ ይለኛል።

በአገራችን ይህ ሕክምና የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲሆን፣ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ነበር። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ውጭ አገር ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ደግሞ እጥበቱን እስከቻለው ይታጠባል። እዚህ ሕክምናው የተጀመረው በሕይወት ካለ ዘመድ በሚገኝ ኩላሊት ነው። መሸጥና መግዛት ክልክል ነው።

«ሸሪዓው ይፈቅዳል ወይ?» ለሚለው፣ ጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ተመልክቶ የአካል ንቅለ ተከላን በመስፈርት ፈቅዷል። ሰጪው በፈቃዱ ሊሰጥ ይገባል፤ መስጠቱ የራሱን ሕይወት የሚያናጋ መሆን የለበትም፤ አካል እንደ ዕቃ ሊሸጥ አይችልም። እኔም ሆንኩ እህቴ ይህን ከሸይኻችን ጋር ቁጭ ብለን ሳንነጋገር ወደ ሆስፒታል አልሄድንም።

እጄ

የኔ ሥራ በእጅ የሚሠራ ነው። ኢማማችንን እረዳለሁ፣ ከአስር በኋላ ደግሞ ልጆች አቀራለሁ። ለትንንሾቹ ሎህ ላይ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። አሊፍ ቀጥ ብላ ካልቆመች ልጁ አጣሞ ይለምዳታል፤ የላም እግር ከተንሻፈፈ ንባቡም ይንሻፈፋል።

ከንቅለ ተከላው በኋላ ቀለሙን ነክሬ ብዕሩን ሎሁ ላይ ሳሳርፍ እጄ ራሱን ችሎ ይሄዳል። ባ ልጽፍ ብዬ ነጥቧ ሦስት ቦታ ታርፋለች። ሻይ ስይዝ ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንጫጫል። ልጆቹ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። እኔም አብሬ ስስቅ ቀለል ይላቸዋል።

ሐኪሜን ስጠይቃት ይህ የታክሮሊመስ የታወቀ ጠባይ መሆኑን ነገረችኝ። መጠኑ ደም ውስጥ ከፍ ሲል መንቀጥቀጡ ይብሳል። ለዚህ ነው በየቀጠሮው ደሜ የሚለካው። በምርመራው ቀን የጠዋቱን መድኃኒት ሳልውጥ እሄዳለሁ፤ ደም ከተቀዳ በኋላ እውጣለሁ። ምክንያቱም መለካት ያለበት ከአዲሱ መጠን በፊት ደም ውስጥ የቀረው ነው። መጀመሪያዎቹ ወራት መጠኑ ከፍ ይላል፣ ከጊዜ በኋላ ሐኪሟ እያየች ታወርደዋለች። እውነትም ከዓመት በኋላ መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ግን አልጠፋም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፋለሁ። ቀጭኑን ብዕር ትቼ ወፍራሙን ያዝኩ። ቡና ሲበዛ ስለሚብስብኝ ከሥራ በፊት አልጠጣም። ከሁሉ በላይ ግን የመጻፉን ሥራ ከፍ ላሉት ደረሳዎች ሰጠኋቸው። አንዱ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አሁን ከኔ የድሮ ጽሕፈት የተሻለ ይጽፋል። እጄ ደህና ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ብዕሩን መቼ ያገኘው ነበር እላለሁ። ይህን የምለው መታመም ጥሩ ነው ለማለት አይደለም፤ በታመምኩበት በኩል የተከፈተው በር እንዳይረሳኝ ነው።

ፊቴ

ሁለተኛው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው። ረሃብ ይቀሰቅሳል፣ ፊት ያድቦለቡላል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጠባይም ይለውጣል። ሰው ሲያየኝ «ማሻአላህ፣ ወፈርክ እኮ! ተስማማህ!» ይለኛል። በእጥበቱ ዘመን እንጨት መስዬ የነበርኩ ሰው ስለሆንኩ ደስ ብሏቸው ነው። መስታወት ፊት ስቆም ግን የማላውቀው ሰው ያየኛል። ወጣት ለሆነ ሰው፣ በተለይ ለእህቶቻችን፣ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። በክትትል ቀጠሮ ተራ ስንጠብቅ ያገኘኋት አንዲት ተማሪ ከበሽታው ይልቅ የክፍሏ ልጆች የሚያወጡላት ስም እንደሚያማት ነግራናለች።

ማወቅ ያለባችሁ፣ የመድኃኒቱ መጠን ሲወርድ የፊት እብጠቱም በወራት ውስጥ እየወረደ ይሄዳል። ፊቴ አበጠ ብሎ በራስ ፈቃድ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን ኩላሊቱን ማጣት ሊሆን ይችላል። ይህ መድኃኒት ሐኪም እየቀነሰው እንጂ በድንገት አይቆምም።

ቁጣውንም ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሰሞን በር ሲንኳኳ እንኳ ይከፋኝ ነበር። ባለቤቴ ነገሩን ከሐኪሟ ስትሰማ «እንግዲያው አንተ አይደለህም፣ ክኒኑ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፄ ከፍ ሲል «ክኒኑ መጣ» ትላለች፤ እኔም ዝም እላለሁ። ለአስታማሚ ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ሌሊቱ

በእጥበት ላይ የቆየ ሰው ሽንቱ ይቀንሳል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ያቆማል። ፊኛውም ሥራ ፈትቶ ይጠባል። አዲሱ ኩላሊት ሲሠራ ሽንት እንደ ጉማራ ወንዝ ክረምት ይመጣል። ሆስፒታል ሳለሁ የሽንት ከረጢቱ ሲሞላ ወንድሜ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያ ደስታ እስከዛሬ ትዝ ይለኛል። ቤት ስገባ ግን ሌሊቱን አራት አምስት ጊዜ መነሳት መጣ። በዚያ ላይ ውሃ በደንብ መጠጣት ታዝዤአለሁ። ውዱእ አድርጌ መስጂድ ሳልደርስ የምመለስበት ቀን ብዙ ነበር። በሰፉ መካከል መቆሜን ትቼ በር አጠገብ መቆም ጀመርኩ፤ ስወጣ ሰው እንዳልረግጥ። ፊኛው ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ አሁን ሌሊት የምነሳው አንዴ ወይም ሁለቴ ነው።

እንቅልፍ ላጣበት ሌሊት መድኃኒት ያገኘሁት አልጋ ላይ ከመገላበጥ መነሳትን ነው። ሁለት ረከዓ እሰግዳለሁ፣ የተሸመደደውን እከልሳለሁ። ስለ ሱጁድም የሚጠይቁኝ አሉ። መጀመሪያ ሰሞን ጎንበስ ስል የተሰፋው ቦታ ይወጥረኝ ስለነበር በወንበር ሰግጃለሁ፤ ሸሪዓችን ለታመመ ሰው ገር ነው። ጠባሳው ከዳነ በኋላ ግንባሬን መሬት ላይ አሳረፍኩ። በጠባሳው ዙሪያ ያለው ቆዳ እስከዛሬ ደንዝዟል፤ ሲነካ የሌላ ሰው ቆዳ ይመስላል። ቀዶው የሚቆርጣቸው ትንንሽ ነርቮች ስላሉ ነው አሉኝ። ለምጄዋለሁ።

ሰላምታው፣ ወተቱና ሜዳው

የመከላከል አቅሜ በመድኃኒት የተለዘበ ስለሆነ ለሌላው ጉንፋን የሆነው ለኔ ሆስፒታል መተኛት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጁሙዓ አልወጣሁም። ኢማሙን የሚረዳ ሰው ጁሙዓ ቤቱ ተቀምጦ የመስጂዱን ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አትጠይቁኝ። ሸይኻችን ሰው ልከው «የታመመ ሰው ዑዝር አለው። መቅረትህ ዛሬ ዒባዳህ ነው» አሉኝ።

ስመለስም አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ነው። እጅ አልጨብጥም፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሰላም እላለሁ። አንዳንድ አባቶች ኮራብን ብለው ተቀይመው ነበር። በየሰዉ ቤት እየዞርኩ ማስረዳት አልችል፤ ሸይኻችን ከሶላት በኋላ ተነስተው በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። አሁን ሕፃናቱ ሳይቀሩ ከሩቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይስቁብኛል።

የምንኖረው ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ጣናን ሲገፉት ውሃው የት እንደሚተኛ ታውቃላችሁ፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ስንቱን ከቤቱ አፈናቀለ። ሩዙን ያበቀለልን ውሃ ትንኙንም ያራባል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በእኛው ፎገራ የተነሳው ካላ አዛርም በትንሽ ዝንብ የሚተላለፍ ነው። ለኔ ዓይነት ሰው እነዚህ በሽታዎች ከሌላው ይልቅ ይከብዳሉ። ስለዚህ ክረምት ከበጋ አጎበር ውስጥ እተኛለሁ፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ በባዶ እግሬ አልገባም፣ የሩዝ መፈልፈያ አቧራ ባለበት አልቆምም፣ ውሃዬን አፈላለሁ።

የከበደኝ ወተቱ ነበር። የፎገራ ላም ወተት ታልቦ ትኩሱን የሚሰጥ ዘመድ «አፈላልኝ» ስትለው ንቀት ይመስለዋል። ያልፈላ ወተት ግን ቲቢና ሌላም በሽታ ያመጣል። ጥሬ ሥጋም እንዲሁ ተከልክያለሁ። አክስቴ አሁን ስሄድ ሳልናገር ድስቱን ትጥዳለች፤ እሷ ዘንድ ስደርስ መጀመሪያ የምሰማው ወተት ሲገነፍል ነው።

ረመዳን

ታክሮሊመስን የምወስደው በየ12 ሰዓቱ፣ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው። ውሃም ሊቋረጥብኝ አይገባም። ሐኪሜ «አትጹም» አለችኝ። ኩላሊታቸው የተረጋጋ፣ ንቅለ ተከላው ዓመታት ያለፉት፣ ሐኪማቸው እየተከታተለ የሚጾሙ ሰዎች አሉ፤ የእነሱ ጉዳይ የእነሱ ነው። ከሰው ሰው ይለያያል፤ በፌስቡክ ላይ ባነበቡት የሚወሰን አይደለም። እኔ በሸይኻችን ምክር ለየቀኑ ሚስኪን አበላለሁ።

አንዳንድ ወጣት «ተወከልቱ ዐለላህ» ብሎ ሐኪም የከለከለውን ሲጾም ጀግንነት ይመስለዋል። ወንድሜ፣ ፍቃዱን የሰጠው ያው ጾሙን የደነገገው ጌታ ነው። በአማና የተሰጠህን ኩላሊት ማድረቅ ተወኩል አይባልም። እኔ በረመዳን ቀን መድኃኒቴን በጓዳ እውጣለሁ፤ ማታ ደግሞ ለኢፍጣር ተምር አከፋፍላለሁ። ከዚያ ሰልፍ አልቀረሁም።

መንገዱና መድኃኒቱ

ክትትሌ አዲስ አበባ ነው። ከወረታ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መንገድ ሲዘጋ ነጋዴው ገበያው ይቆምበታል፣ ተማሪው ፈተናው ይቀርበታል፤ እንደኔ ያለው ደግሞ ክኒን መቁጠር ይጀምራል። አንድ ሰሞን በእጄ የዘጠኝ ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር። ሰባት፣ ስድስት እያልኩ ቆጠርኩ። አራት ሲቀረኝ አንድ ዘመድ በሰው በሰው አድርጎ አደረሰልኝ። ያን ሳምንት ጸጉሬ ሸብቷል ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሜን አማክሬ ሁልጊዜ ትርፍ እይዛለሁ። ግማሹ ቤት፣ ግማሹ እህቴ ዘንድ ይቀመጣል። ስልኬ ላይ ሁለት የማንቂያ ደወል አለ፤ መብራትና ኔትወርክ ቢጠፋ ደግሞ ሙአዚናችን አለ። ጠዋት በር እያንኳኳ «ዋጥክ?» ይለኛል።

እህቴ

ኩላሊቷን የሰጠችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ስንመረመር የተስማማችው እሷ ሆነች። «እታለም፣ አስቢበት» ብላት «ወንድማለም፣ ያሰብኩትን ነው የነገርኩህ» አለችኝ። ሆስፒታሉም ተገዳ እንዳልሆነ ለብቻዋ ጠይቋታል።

ሁሉ ሰው የሚጠይቀው እኔን ነው። እሷን የሚጠይቅ የለም። እሷም እኮ ታርዳለች፤ ጎኗን አሟታል፣ ወራት ቶሎ ይደክማት ነበር። አሁን ደህና ናት፤ በዓመት አንዴ ደም ግፊቷንና ኩላሊቷን ትታያለች። የቀረባት ሕመም ከሰው አፍ የመጣው ነው። ለኒካሕ ሽማግሌ የላከ ቤተሰብ ኩላሊት መስጠቷን ሲሰማ ወደ ኋላ አለ። «አትወልድም፣ ከባድ አታነሳም» ተባለ። እሷ ያን ቀን ያለችኝ፣ «እኔ አልታመምኩም፤ ሰዉ ነው የሚያሳምመኝ» ነው።

እውነቱ ይህ ነው፤ ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ የተገኘ ሰው በአንድ ኩላሊት መደበኛ ሕይወት ይኖራል። ኩላሊት የሰጠች ሴት ትወልዳለች። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ዕድሉ በጥቂቱ ከፍ ስለሚል ክትትሏን ማጥበቅ አለባት፣ ያ ብቻ ነው። ወንድሞቼ፣ የወንድሟን ነፍስ ያተረፈችን ልጅ «ጎደሎ» የሚል አንደበት ምን ያህል እንደሚመዝን ነገ እናየዋለን።

ለወጣቶች

ነገሬን ሳሳጥር፣ ጥቂት አደራ አለኝ።

1. ደም ግፊታችሁን ተለኩ፤ ስኳርም እንዲሁ። ኩላሊትን በዝምታ የሚበሉት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ምልክት ሲታይ ብዙው ሄዷል።

2. ለጀርባ ሕመም፣ ለራስ ምታት እያላችሁ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንደ ከረሜላ አትዋጡ። ሲደጋገም ኩላሊት ይጎዳል።

3. ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ካላችሁ፣ ሐኪሙ ሳያውቅ ምንም አይውሰድ። የቲቢው ሪፋምፒሲን የታክሮሊመስን መጠን ያወርደዋል፣ ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ ያወጣዋል። ለእናንተ ደግነት የመሰላችሁ የተቀመመ ሥርም ሊጎዳው ይችላል።

4. ትኩሳት ከያዘው፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም የተተከለበት ቦታ ካመመው «ነገ ይሻለዋል» ብላችሁ አታሳድሩት።

5. የታመመ ሰው ስትጠይቁ «ድነሃል አይደል?» ከምትሉት «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» በሉት። የመጀመሪያው አዎ እንዲል ያስገድደዋል፤ ሁለተኛው እውነቱን እንዲናገር ቦታ ይሰጠዋል።

ነቢዩላህ አዩብ ዐለይሂ ሰላም በሽታቸውን ለጌታቸው ተናግረዋል፤ ሰብራቸውም አልጎደለም። ሰብር ማለት ሕመምን መደበቅ አይደለም። ክኒንን በሰዓቱ መዋጥ፣ ቀጠሮን አለማሳለፍ፣ አቅም ያጣውን ሥራ ለሌላው መስጠት፣ በቀረው አካል ዒባዳን መቀጠል፣ እኔ በዚህ ሁለት ዓመት ሰብርን ያገኘሁት እዚህ ውስጥ ነው።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ይማርልን። አካላቸውን ለሰጡ ምንዳቸውን ያብዛላቸው። የተዘጋውን መንገድ ይክፈትልን፣ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። ለእህቴ ደግሞ ዋጋዋን የሚያውቅ ሷሊሕ ባል ይስጥልኝ፤ አሚን በሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።